አርባ አንድ ቁጥር ብልቃጥ

ዶክቶራ ሪሐና ላብራቶሪ ወስዳ በማይክሮስኮፕ ያየችው፣ በማሽን እየጎተተች ጥንካሬውን የለካችው፣ ፎቶውን ለስንት አገር ፕሮፌሰር የላከችው፣ "የሃያ ዓመት ልፋቴ ነው" ብላ ያለቀሰችበት ጄል የቤት ሠራተኛዋ የፈርዶሳ የፀጉር ጄል ነው። በቃ ነገርኳችሁ፣ አፌ ላይ መያዝ አልቻልኩም። ተልባ እኮ ነው። ተልባ ተቀቅሎ፣ በአሮጌ ስቶኪንግ ተጣርቶ፣ ትንሽ ማር ገብቶበት፣ ጥቁር አዝሙድ ቅባት ጠብ ተደርጎበት፣ ፈርዶሳ ሹሩባ ከመሠራቷ በፊት ግንባሯ ላይ ያለውን እምቢተኛ ፀጉር የምታስተኛበት ጄል። ይሄንን ይዛ ነው እንግዲህ ዶክቶራ ሰሃብ የሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ አዲስ ምርት ልታስጀምር የተነሳችው።

ነገሩ የፈነዳው ማክሰኞ ዕለት፣ ዓረብ አገር፣ ኻልዳ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የዶክቶራ ኩሽና ውስጥ ነው። መጀመሪያ ኩሽናውን ልንገራችሁ። ሰፊ ነው፣ እብነ በረዱ ፊት ያሳያል፣ የቡና ማሽኑ ብቻ የፈርዶሳን የሦስት ወር ደሞዝ ያወጣል፤ ግን እዚያ ቤት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሻዋርማ ነው የሚበላው፣ ያውም አንዱን በዲናር ከግማሽ። ምክንያቱም ፍሪጁ ታሽጓል። በቢጫ ፕላስተር ከላይ እስከ ታች ታሽጎ፣ በሩ ላይ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ "እንዳትከፍቱ" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ከወረቀቱ ሥር ደግሞ ለፈርዶሳ ብቻ ተብሎ የተሳለ እጅ አለ፣ በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ፤ ፈርዶሳ ዓረብኛ ማንበብ አትችልም ተብሎ ነው። አራት ዓመት ሙሉ የእርጎና የአይብ ማብቂያ ቀን እያነበበች ያንን ቤት ከሆድ ቁርጠት ያዳነችው እሷ መሆኗን ማንም አያውቅም።

ዶክቶራ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትሠራው። ቁስል ላይ የሚለጠፍ፣ እንደ ቆዳ የሚለጠጥ፣ ሲያነሱት የማያሳምም ነገር ለመሥራት ከዓቀባ ባሕር በሚመጣ የሽሪምፕ ቅርፊት ስትታገል ነው የኖረችው። አንድ ቁጥር ብላ ጀመረች፣ ሁለት ቁጥር፣ ሦስት ቁጥር እያለች አርባ ደረሰች፤ ሁሉም ሲደርቁ እንደ ብስኩት ይሰባበራሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት የላብራቶሪው ፍሪጅ ተበላሸና አራት ብልቃጥ በቦርሳዋ ይዛ ቤት መጣች። አርባ አንድ ቁጥር ያን ጊዜ ቢጫ ነበር፣ ድፍርስ፣ የዓሣ ገበያ የሚሸት። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ዓይኗ በቅጡ ሳይከፈት ወተት ልታወጣ ፍሪጁን ስትከፍት፣ አርባ አንድ ቁጥር እንደ ውኃ ጠርቶ፣ እንደ እንቁላል ነጭ ወፍሮ ቁጭ ብሏል። የሌሎቹ ሦስት ብልቃጦች ነገር ከነጭራሹ ተረሳ፤ የፍሪጁን በር አቅፋ ስትስም ፈርዶሳ በዓይኗ አይታታለች፣ ምክንያቱን ባታውቅም። ከዚያ ላብራቶሪ ወሰደችው፤ ጄሉ ደረቀ፣ አልተሰነጠቀም፤ ታጠፈ፣ አልተቆረጠም፤ ሳህን ላይ ያለው ባክቴሪያ ገና ሲያየው ሸሸ። ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገረው ማሽን ስኳር ነው ያለው ሲል ደግሞ፣ ዶክቶራ ማሽኑ ተበላሽቷል ብላ ቴክኒሻን አስጠራች።

እንግዲህ ጄሉን የለወጠው ፍሪጁ ነው ማለት ነው፤ ዶክቶራ ያለችው እንደዚያ ነው። የትኛው ቅዝቃዜ፣ የትኛው ጥግ፣ ከየትኛው ምግብ አጠገብ የሚለው እስኪታወቅ ያ ቀን ጠዋት የነበረው ሁሉ እንደነበረ እንዲቀመጥ አዘዘች። የሙሉኪያው የቅጠል ወጥ ድስት እንደነበረ፣ ቲማቲሙ እንደነበረ፣ ማንኪያ የተሰካበት ግማሽ ላብነህ የሚሉት ወፍራም እርጎ እንደነበረ፣ በጎድጓዳ ሳህን ያለው ወይራ ሳይቀር ተቆጥሮ። ከአርባ ሁለት እስከ ሃምሳ ሰባት ቁጥር ያሉትን አንድ በአንድ እየሠራች እዚያው ቦታ አስቀመጠቻቸው። ሁሉም ቢጫ ሆነው ወጡ፣ ሁሉም ሽሪምፕ ሽሪምፕ ሸተቱ። ሙሉኪያውማ አሁን ራሱን የቻለ ምርምር ሆኗል፣ አረንጓዴ ጢም አውጥቷል።

በዚህ መሃል የተጎዱት ሀጃ ናቸው፣ የዶክቶራ እናት። ስኳር አለባቸው፣ በሰዓቱ ካልበሉ ይዞራቸዋል፣ የሚወዱት ላብነህ ደግሞ ታስሯል። አንድ ቀን ዶክቶራ ወይራውን ስትቆጥር አሥራ ሰባት የነበረው አሥራ ስድስት ሆነባት። እናቷንና ፈርዶሳን ኩሽና አቁማ እንደ ፖሊስ መረመረቻቸው። ፈርዶሳ በአላህ ስም ማለች። ሀጃ ኮርኒሱን እያዩ፣ በሰባ አራት ዓመቴ ስለ አንድ ወይራ የምጠየቅበት ቤት ውስጥ ልሙት እንዴ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትና ልጅ አይነጋገሩም። አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሀጃ ወደ ፈርዶሳ ዞረው መድኃኒቴ ማለቁን ለዶክቶራሽ ንገሪያት ይላሉ፤ ዶክቶራ ደግሞ ወደ ፈርዶሳ ዞራ መሳቢያ ውስጥ ሌላ አለ በያቸው ትላለች። ፈርዶሳ መሃል ቆማ መድገም አለባት፣ ካልደገመች ሁለቱም ያልሰሙ ይመስላሉ።

ፈርዶሳ ግን ይሄ ሁሉ ብዙም አልቆረቆራትም፣ ልቧ እዚያ የለማ። ሐሙስ ትሄዳለች። አራት ዓመቷን ጨርሳ፣ ሁለት ወር እረፍት ተሰጥቷት፣ ትኬቷ ተቆርጦ፣ ከሚሴ ትገባለች። ሁለት ዓመት ተኩል ሆና የተወቻት ልጇ ሰሊማ አሁን ስድስት ዓመት አልፏታል፤ በስልክ አፏ አያርፍም፣ እናቴ ስለምትመጣ ዓርብ ትምህርት ቤት አልመጣም ብላ አስተማሪዋን ከወዲሁ አስፈቅዳለች። የፈርዶሳ ሻንጣ አልጋዋ ሥር ተዘጋጅቷል፣ በመታጠቢያ ቤቱ ሚዛን አሥር ጊዜ ተመዝኗል። የቀረው ጀዋዟ ብቻ ነው፣ ፓስፖርቷ፤ እሱ ደግሞ ዶክቶራ መኝታ ቤት የተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ሐሙስ ጠዋት ትሰጣታለች። እንደዚያ ነው የተባባሉት።

እና ማክሰኞ ጠዋት ቤቱ ተተራምሷል። ዓብዱሰላም የሚባል፣ ሰሃብ ላይ የቁስል ፕላስተርና ጎዝ ፋብሪካ ያለው ሰው ለምሳ መጥቶ ውል ሊፈርም ነው። መንሳፍ፣ በእርጎ የተቀቀለ ሥጋ በሩዝ፣ ይሠራ ተባለ። ሥጋውና ደረቁ እርጎ፣ ጀሚዱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ጓደኛዋ ሜላት የምትሠራበት ቤት ፍሪጅ ውስጥ በስደት ነው ያሉት፤ ፈርዶሳ ከጠዋት ጀምራ ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ ዋለች። ዶክቶራ የምታብለጨልጭ ትሪ አወጣችና ከቦርሳዋ አርባ አንድ ቁጥርን አውጥታ፣ ታች ላይ የቀረችውን አንዲት ማንኪያ የምትሆን ጄል በስስት እያየች፣ ፈርዶሳ ሐቢብቲ፣ ውጩን ወልውይልኝ፣ ክዳኑን እንዳትነኪ አለቻትና ልብሷን ልትቀይር ገባች። ክዳን እንዳትነካ የተነገራት ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ከፈተችው። ጥቁር አዝሙድ ሸተታት። ጣቷን ነከረች፣ ጣቷንና አውራ ጣቷን አራራቀች፣ ጄሉ ክር ሠርቶ ተሳበ። ሳታስበው ግንባሯ ላይ ያለውን ፀጉር ለሰስ አደረገችው። ፀጉሩ ተኛ። ያኔ ነው ነገሩ የገባት።

ለካ የሷ ነው። ዶክቶራ ያን ሰሞን ስልክ እያወራች፣ ቢጫ የሆኑትን ድፊያቸው ብላ በእጇ አመልክታት ነበር፤ ዶክቶራ ስልክ ስታወራ ያለችውን ነገር እንደማታስታውስ ደግሞ ሰፈር ያውቃል። ፈርዶሳ ቢጫዎቹን ደፋቻቸው፣ ብልቃጦቹን አጠበቻቸው። ልጥፍ የሚል ክዳን ያለው ብልቃጥ ደግሞ ማን ይጥላል? እንኳን ይሄን የመሰለ የላብራቶሪ ብርጭቆ፣ የጃም ጠርሙስስ ይጣላል እንዴ? በማርከር የተጻፈው ቁጥር አልለቅ ሲላት እንዳለ ተወችው፤ ጄሏን ሞላችበት፣ እንዳይበላሽ ፍሪጁ ጥግ ላይ ሸጎጠችው። በማግሥቱ ሲጠፋባት ዶክቶራ አግኝታ ጥላዋለች ብላ አፈረች። ያን ቀን ፍሪጁ ሲታሸግማ ለኔ ነው ብላ ነበር፣ የምግብ ፍሪጅ ውስጥ የፀጉር ነገር በማስቀመጤ ነው፣ ባይናገሩኝም ገብቶኛል ብላ።

ጀሚድ ላምጣ ብላ ወጣችና ደረጃው ላይ ለሜላት ሹክ አለቻት። ሜላት መጀመሪያ አላመነችም፣ ቀጥሎ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ በዚሁ ጄል የተኛውን የራሷን ፀጉር ነካ ነካ አድርጋ "እኔ ታዲያ ስንት ዲናር ነው ጭንቅላቴ ላይ ይዤ የምዞረው?" አለች። ሳቋ ሲያልቅላት ግን ፊቷ ተቀየረ። ሁለተኛ ፎቅ የነበረችውን ልጅ አስታወሰቻት፤ አንዲት የአበባ ማስቀመጫ ሰብራ ወደ መክተብ፣ ወዳመጣት ኤጀንሲ ተመልሳ፣ ሌላ ቤት እስክታገኝ ወራት የቆየችውን። "ሁለት ቀን ነው የቀረሽ። አላየሽም፣ አልሰማሽም። ሐሙስ አውሮፕላን ላይ ሆነሽ ትስቂያለሽ።" ፈርዶሳ ልክ ነሽ አለቻት። ልክም ናት።

ዓብዱሰላም ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ሳሎኑን ሞላው፤ ሀጃን ራሳቸውን ሳመ፣ ፈርዶሳን ስሟን ጠይቆ ሰላም አላት፣ ይሄ እንግዳ ላይ እምብዛም አይታይም። መንሳፉን እየጠቀለለ እየበላ ስለ ፋብሪካው አወራ። ሃያ ሁለት ዓመት ፕላስተር ሠርቷል፤ አሁን ከውጭ የሚገባው ርካሽ ነገር ሊበላው ነው፤ አንዱን መስመር ዘግቷል፣ ስልሳ ሠራተኛ አለው፣ አብዛኞቹ የሰሃብ ሴቶች ናቸው፤ ለነሱ ሌላ ነገር ይመጣል ብሎ ቃል ገብቷል። ከአገራችን የወጣ፣ አካባቢው በሙሉ የሚገዛው ነገር ከሰሃብ ሲወጣ አያለሁ አለ፣ ዓይኑ ረጠብ ብሎ። ፈርዶሳ ዓይኑን ሳታይ ሩዝ ጨመረችለት። ዶክቶራም ትስቃለች እንጂ አንድም ጉርሻ አልበላችም። ከምሳ በፊት ፈርዶሳ ፎጣ ልታቀብል ስትሄድ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ሰምታታለች፤ አንዴ ብቻ፣ ያ ረብ፣ አንዴ ብቻ ድገምልኝ እያለች ቧንቧውን ከፍታ ስታለቅስ።

ከምሳ በኋላ ዓብዱሰላም ፍሪጁን ልይ አለ። ዶክቶራ እንደ ሙሽራ ቬል ፕላስተሩን ቀስ ብላ አነሳችው። ሲከፈት የወጣውን ሽታ አልነግራችሁም፤ ሰውዬው ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄደ፣ ከዚያ ነጋዴ ነውና ተመለሰ። ከኪሱ ሜትር አውጥቶ የፍሪጁን ከፍታ ለካ፣ ወርዱን ለካ፣ ጀርባውን አይቶ የሞዴሉን ቁጥር ጻፈ። አርባ እንዲህ ያለ ፍሪጅ ልዘዝ ማለት ነው አለ፣ ለመጀመሪያው መስመር አርባ ይበቃል። ዶክቶራ ይበቃል አለች። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ሳህኑን አየ። "ወይራውስ? አርባውም ውስጥ ይገባል?" ዶክቶራ ወይራው ገና አልተረጋገጠም፣ ግን ለጥንቃቄ ቢገባ አለች። ሰውዬው ጻፈ። ወይራ፣ አሥራ ስድስት። "አሥራ ሰባት ነበር" አለች ዶክቶራ፣ ሀጃን ሳታይ።

ፈርዶሳ የሻዩን ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ዝም ልትል ነበር፣ እመኑኝ፣ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ግን ሰውዬው ስልክ አውጥቶ ፍሪጅ ሻጩ ጋ ሊደውል ነው። ዶክቶራ እጆቿን ከጀርባዋ ደብቃለች፤ ፈርዶሳ ከኋላ ሆና ታያቸዋለች፣ ጣቶቿ እርስ በርስ ተቆላልፈዋል። አርባ ፍሪጅ፣ ስድስት መቶ አርባ ወይራ፣ አርባ የበሰበሰ ሙሉኪያ፣ ስልሳ ሴት። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ዶክቶራ፣ አርባ አንድ የኔ ነው" አለች በዓረብኛ። ዶክቶራ ብልቃጡን የምትጠይቅ መስሏት፣ ሲያልቅ እሰጥሻለሁ አለቻት። ፈርዶሳ ሻርፗን ወደኋላ ገፋ አድርጋ ግንባሯን አሳየቻቸው። "ለፀጉሬ ነው የሠራሁት።"

ፈርዶሳ ሁሉንም ተናገረች፤ ተልባውን ስዌፍየህ ሰፈር ካለው ቅመም ሻጭ መግዛቷን፣ ቢጫውን መድፋቷን፣ ብልቃጡን ማጠቧን። ማሩ ጋ ስትደርስ ተንተባተበች፣ ምክንያቱም ማሩ የዶክቶራ ወንድም ከየመን ያመጣው፣ ለእንግዳ እንኳን የማይወጣው ሲድር ማር ነው። አንድ ማንኪያ ብቻ ነው የወሰድኩት አለች፣ ሐሙስ ስትሄድ ልትከፍል እንደምትችልም ጨመረች። ዶክቶራ ወደ እሷ መጣች። ፈርዶሳ ዓይኗን ጨፈነች። ዶክቶራ ግን አልመታቻትም፣ አልጮኸችም፤ እንደ እብድ ግንባሯ ላይ ያለውን ፀጉር በሁለት ጣቷ ጎተት፣ ለቀቅ፣ ጎተት፣ ለቀቅ አደረገችው። "የሾርባ ማንኪያ ነው የሻይ?" አለቻት።

ሀጃ በሩ ፊት ለፊት ካለው ሶፋቸው ላይ ሆነው በሳቅ ፈነዱ። ከወይራው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጃቸውን በቀጥታ አናገሯት፤ ለዚህ ነው ላብነህ የከለከልሽኝ አሏት። ዓብዱሰላምም እየሳቀ ስልኩን ኪሱ ከተተው፣ አርባ ፍሪጅ ተረፈልኝ አለ፤ ቀጥሎ ግን ሳቁን ቁርጥ አድርጎ፣ ተልባ ማለት እዚህ የሚገኝ፣ ርካሽ፣ ባሕር የማይሻገር ነገር ነው፤ ይሄማ ከሽሪምፑ ይበልጣል አለ። ፈርዶሳ ተረፍኩ ብላ ትንፋሿን ለቀቀች። ቸኩላ ነበር።

ዶክቶራ ደብተርና ሚዛን አምጥታ ምድጃው ፊት አቆመቻት። ስንት ግራም ተልባ? አንድ እፍኝ። እፍኟ ተመዘነ። ስንት ውኃ? እስኪበቃው። እስከ መቼ ይፍላ? በማንኪያ ሲያነሱት የሕፃን ንፍጥ እስኪመስል። ዶክቶራ ይሄንንም ጻፈችው። ከዚያ ፈርዶሳን ገለል አድርጋ ዶክቶራ ራሷ ሠራችው፣ በግራም፣ በደቂቃ፣ በቴርሞሜትር። ድፍርስ ያለ፣ አመድ የመሰለ፣ ሳህን ላይ ሲፈስ የሚበታተን ነገር ወጣ። እንደገና ሠራችው። ያው ነው። ዓብዱሰላም ሻዩን እየጠጣ ሲያይ ቆየና፣ ነገሩ ያለው ደብተሩ ላይ ሳይሆን ልጅቷ እጅ ላይ ነው አለ፤ እሷ ካለች እፈርማለሁ፣ ስሟም ውሉ ላይ ይግባ፣ ከሚሸጠውም ድርሻ ይኑራት፤ ከሌለች ግን አልፈርምም።

ዶክቶራ ፈርዶሳን ትከሻዋን ያዘቻት። "ሐቢብቲ፣ ሐሙስን እናዘግየው። ሦስት ጊዜ በተከታታይ እስኪወጣልኝ ብቻ። ሦስት ወር፣ ቢበዛ ስድስት። በወጣልኝ ቀን ጀዋዝሽን በእጄ እሰጥሻለሁ፣ ኤርፖርት ራሴ ነው የማደርስሽ።" ይሄን ስትል ደግሞ ክፋት የለባትም፣ ዓይኗ በእንባ ሞልቷል፣ ውለታ የምታደርግላት ነው የመሰላት።

አሁን ግን ሚስጥሩን ልንገራችሁ። ፈርዶሳ አንድ ነገር አልተናገረችም። ደብቃ አይደለም፣ ማንም ስላልጠየቃት ነው። ተልባው የመጀመሪያ ውኃው ይደፋል። ድፍርሱ የሚወጣው በሱ ነው፤ ሁለተኛ ውኃ ተጨምሮበት ሲፈላ ነው ጥርት የሚለው፣ ከሚሴ ያለ ሴት ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ይቺን አንዲት ነገር ብትናገር ማታውኑ ይወጣል፣ ነገ ደግሞ ሁለቴ ይወጣል፣ ሐሙስ አውሮፕላኑ ላይ ናት። ግን ማንም ሊሠራው ለሚችል ነገር የሷን ስም ውል ላይ የሚያስገባ ማን ነው? ዝም ብትል ደግሞ ስሟም ድርሻዋም አለ፤ ስልሳዎቹ ሴቶችም ይጠብቃሉ፣ እሷም እዚህ ናት፣ ሰሊማ ግን ዓርብ ከትምህርት ቤት ቀርታ በር ላይ ትቀመጣለች። ጀዋዙን አስቀድሚ ልትል ትችላለች፣ ግን አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ዶክቶራ ድስቱን እያማሰለች ዞር ብላ፣ "ፈርዶሳ፣ የረሳሽው ነገር አለ?" ብላ ጠየቀቻት። ዓብዱሰላም የእስክሪብቶውን ክዳን ከፍቶ እያያት ነው። ፈርዶሳም አፏን ከፈተች።

እሺ፣ እናንተ እሷን ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?